ሠላሳ አንድ አንዶች

የደንበኞችን ስልክ የሚመዘግብ የመረጃ ቋት የሚያዘጋጅ ጀማሪ ፕሮግራመር በቀላሉ የሚወድቅበት ስህተት አለ። የስልክ ቁጥሩን ዓምድ «ጽሑፍ» ብሎ መሰየም ሲገባው «ኢንቲጀር»፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ ብሎ ይሰይመዋል። ከዚያ በ251 የሚጀምሩትን ባለ12 አሃዝ የኢትዮጵያ ስልኮች ያስገባል። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ጥብቅ ቁጥጥሩ ከተዘጋ ቁጥሩን አልቀበልም አይልም። ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ፣ በዚያ ዓምድ ሊይዝ የሚችለውን ትልቁን ቁጥር በቦታው ይተካል። ሠንጠረዡ ሲከፈት የአበበም፣ የጫልቱም፣ የሐጎስም ስልክ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ 2147483647።

ይህ ቁጥር ከኮምፒውተር ጋር የተወለደ ይመስላል። እውነቱ ግን የመጀመሪያው ኮምፒውተር ከመሠራቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ ስመ ጥር ነበር። በአንድ ወቅት የሰው ልጅ ከሚያውቃቸው ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም። የምዕራፉ ጉዳይ እነዚህ ሁለት ታሪኮች አንድ ቁጥር ላይ መገናኘታቸው ነው። (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ እንዴት እንደሚገነባ እንይ። 2ን 31 ጊዜ ደርድረን እርስ በርስ ብናባዛቸው 2,147,483,648 ይመጣል። ከዚያ ላይ 1 ስንቀንስ ቁጥራችንን እናገኛለን። በ0 እና በ1 ብቻ በሚጻፈው በኮምፒውተር አጻጻፍ ደግሞ 31 አንዶች ተደርድረው ማለት ነው፤ በመካከል አንድም ዜሮ የለም።

በዚህ መንገድ የሚሠሩ ቁጥሮች ብዙ ናቸው። 2 አንዶች 3 ይሰጣሉ፤ 3 አንዶች 7፤ 4 አንዶች 15፤ 5 አንዶች 31። ከእነዚህ 3፣ 7 እና 31 ብቸኛ ቁጥሮች ሲሆኑ 15 ግን 3 ጊዜ 5 ነው። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ብቅ ይላል፤ የአንዶቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ ሊሆን አይችልም። 6 አንዶች 63 ናቸው፤ 6 ለ2 እና ለ3 ስለሚካፈል 63ም ባለ2 አንዱን 3ን እና ባለ3 አንዱን 7ን በውስጡ ይዟል። ሕጉ የሚሠራው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። 11 ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ 11 አንዶች የሚሰጡት 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ስለዚህ 31 ብቸኛ መሆኑ በሩን ይከፍታል እንጂ ጥያቄውን አይዘጋውም።

ጥያቄው ለረጅም ጊዜ ሰው አሳስቷል። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ በ1603 ባሳተመው ሥራ ባለ17 እና ባለ19 አንዶቹን በትክክል አረጋገጠ፤ ቀጥሎም ባለ23፣ ባለ29፣ ባለ31 እና ባለ37 አንዶቹ ብቸኛ ናቸው ሲል ጻፈ። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 የ23ኛውንና የ37ኛውን አካፋዮች አገኘ፤ የመጀመሪያው ለ47፣ ሁለተኛው ለ223 ይካፈላል። 29ኛውን በ1738 የጣለው ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ 233 ያለ ቀሪ አካፈለው። ከአራቱ ሳይነካ የቀረው 31ኛው ብቻ ሆነ። በመካከሉ፣ በ1644፣ ማሪን ሜርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ እስከ 257 ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡትን የአንዶች ብዛቶች ዘርዝሮ ነበር። ከዝርዝሩ 67 እና 257 ስህተት ሆኑ፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘለዋል። ያም ሆኖ እነዚህ ቁጥሮች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በስሙ ነው፤ የሜርሴን ቁጥሮች ይባላሉ። በዝርዝሩ ውስጥ 31ም አለ። ማረጋገጫው ግን አልነበረም።

ማረጋገጫው በ1772 ከሴንት ፒተርስበርግ መጣ።

ኦይለር በዚያን ጊዜ የ65 ዓመት ሰው ነበር። የቀኝ ዓይኑን ያጣው ገና በወጣትነቱ ነው፤ ግራውም በሞራ ተሸፍኖ ከጥቂት ብርሃን በቀር አያይበትም ነበር። በ1771 ከተማዋን የመታው የእሳት ቃጠሎ ቤቱን ሲበላው ከባዝል የመጣ የአገሩ ሰው ከእሳቱ አውጥቶ አተረፈው። በዚሁ ወቅት ነው ለበርሊኑ ዮሐን በርኑሊ የ31 አንዶች ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ያበሰረበትን ደብዳቤ የላከው። ሥራውን ትልቅ የሚያደርገው የስሌቱ ብዛት አይደለም። ትልቅነቱ ኦይለር ምን ያህሉን ስሌት ሳይሠራ በማስረጃ እንዳስቀረ ነው።

አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይበቃል። የቁጥራችን ስኩዌር ሩት ከ46,340 ትንሽ ያልፋል። እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ከ4,700 በላይ ናቸው። ባለ10 አሃዝ ቁጥርን በእጅ ከ4,700 ጊዜ በላይ ማካፈል፣ አንድም ጊዜ ሳይሳሳቱ፣ የወራት ሥራ ነው፤ በዓይኑ ለማያይ ሰው ደግሞ ከዚያም የከፋ።

ኦይለር ግን አካፋይ ሊሆን የሚችለው ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። አንድ ብቸኛ ቁጥር የ31 አንዶችን ቁጥር ያካፍላል እንበል። ያ ማለት 31 ሁለቶች ተባዝተው ለእሱ ሲካፈሉ 1 ይተርፋል ማለት ነው። ፌርማ ያገኘውና ኦይለር ራሱ ያረጋገጠው ሌላ ሕግ ደግሞ፣ ከዚያ አካፋይ በአንድ ያነሱ ሁለቶች ሲባዙም ቀሪው 1 እንደሚሆን ይናገራል። ሁለቱ እውነቶች አብረው የሚቆሙት 31 ከአካፋዩ አንድ የሚያንሰውን ቁጥር ሲያካፍል ብቻ ነው። ይህ በአንድ የሚያንሰው ቁጥር ጥንድ ስለሆነም ለ62 ይካፈላል። ስለዚህ ማንኛውም አካፋይ የ62 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። በትንሹ ምሳሌ ላይ እናስተያየው፤ ባለ11 አንዱን 2,047ን የሚያካፍሉት 23 እና 89 ሁለቱም የ22 ብዜት ሲደመር 1 ናቸው።

እዚህ ላይ አላቆመም። የሜርሴን ቁጥር አካፋይ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን እንዳለበት ጨመረ። ሁለቱ ወንፊቶች ሲደራረቡ የሚያልፉት ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ብቻ ሆኑ፤ የ248 ብዜት ሲደመር 1፣ እና የ248 ብዜት ሲደመር 63።

የዚህን ወንፊት ጥንካሬ ለማየት ከታች ጀምሮ መቁጠር ነው። 63 ለ3 ስለሚካፈል ይወድቃል። 249ም እንዲሁ። 311 ብቸኛ ነውና ይያዛል። 497 የ7፣ 559 የ13፣ 745 የ5፣ 807 እና 993 የ3፣ 1,055 የ5፣ 1,241 የ17 ብዜት ናቸው። ቀጥሎ የሚያልፈው 1,303 ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለት ማካፈል ብቻ! 2,147,483,647 ለ311 ሲካፈል 6,905,092 ደርሶ 35 ይተርፋል። ለ1,303 ሲካፈል 1,648,107 ደርሶ 226 ይተርፋል። እንዲህ እየተባለ እስከ 46,340 ሲኬድ መፈተን ያለባቸው ብቸኛ ቁጥሮች መቶ እንኳ አይሞሉም። ከ4,700 በላይ የነበረው ሥራ ወደዚያ ወረደ፤ ቀሪ ሳይተው የሚያካፍልም አልተገኘም።

በዚህ ቁጥር አማካይነት ኦይለር ሌላም ነገር አገኘ። ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ቁጥሮች ምሉዕ ቁጥር ይባላሉ። 6 ምሉዕ ነው፤ 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ 6 ናቸውና። 28ም ምሉዕ ነው። ከዩክሊድ ዘመን ጀምሮ እንደሚታወቀው ብቸኛ የሆነ እያንዳንዱ የሜርሴን ቁጥር አንድ ምሉዕ ቁጥር ይወልዳል፤ የእኛው የወለደው 2,305,843,008,139,952,128 ነው፤ 19 አሃዝ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 በጻፈው የቁጥር ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ከዚህ የሚበልጥ ምሉዕ ቁጥር መቼም እንደማይገኝ ተንብዮ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ያለ ቁጥር ለማወቅ ጉጉት ካልሆነ በቀር ጥቅም ስለሌለው ማንም አይደክምበትም የሚል ነው። ባርሎው ጎበዝ ሰው ነበር፤ የሒሳብ ሠንጠረዦቹ ለትውልዶች አገልግለዋል። ጉጉት ሰውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ግን አሳንሶ ገመተ። ዛሬ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው ባለ136,279,841 አንዶች ሲሆን 41,024,320 አሃዞች አሉት።

እንዲህ ያለ ግዙፍ ቁጥር በማካፈል አይፈተንም። ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ በ1870ዎቹ ጀምሮት አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር በ1930 ባጠራው ዘዴ ግን ይፈተናል። ዘዴው በአራት መስመር ያልቃል። ከ4 ተነሣ፤ በራሱ አባዛና 2 ቀንስ፤ ውጤቱን በምትፈትነው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፤ ከአንዶቹ ብዛት 2 ባነሰ ዙር ይህን ደጋግም። በመጨረሻ ዜሮ ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ አይደለም። ባለ5 አንዱ 31 ሦስት ዙር ይበቃዋል፤ 4 መጀመሪያ 14 ይሆናል፤ ከ14 ወደ 194 ተሄዶ ለ31 ሲካፈል 8 ይተርፋል፤ ከ8 ወደ 62 ሲሄድ ቀሪው ዜሮ ነው። ለእኛ ቁጥር 29 ዙር ያስፈልጋል። ኦይለርን ያን ሁሉ ያስለፋውን ጉዳይ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ዓይን ሳይርገበገብ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሕይወቱ። ለአሥርት ዓመታት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ሙሉ ቁጥርን በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የ0 ወይም የ1 ቦታዎች፣ ያስቀምጡ ነበር፤ ብዙ ፕሮግራሞች ዛሬም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ቦታ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆኑን ያመለክታል። የቀሩት 31 ሁሉም 1 ሲሆኑ መጨረሻው ላይ ተደርሷል። በዚያ ላይ 1 ሲጨመር፣ የአሮጌ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 99999 ሞልቶ ወደ ዜሮ እንደሚዞረው፣ የኮምፒውተሩ ቆጣሪም ይዞራል። የሚዞረው ግን ወደ ዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች ወዳለው ዳርቻ፣ ወደ −2,147,483,648 ነው።

ይህ ዳርቻ በብዙ ቦታ ተደርሶበታል። በታኅሣሥ 2014 የኮሪያዊው ዘፋኝ የሳይ «ጋንግናም ስታይል» በዩቱብ ላይ ወደ ጣሪያው ሲቃረብ ኩባንያው ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳደገ። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የአቪዬሽን አስተዳደር በቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ላይ አስገዳጅ መመሪያ አወጣ። ሳይጠፋ 248 ቀን ያለማቋረጥ የቆየ የአውሮፕላኑ የጄኔሬተር መቆጣጠሪያ ውስጡ ያለው ቆጣሪ ሞልቶ ኤሌክትሪክ ሊያቋርጥ እንደሚችል ተደርሶበት ነበር። ሒሳቡ ይገጥማል፤ 2,147,483,647 የሰከንድ መቶኛዎች ወደ ቀን ሲለወጡ 248 ቀን ተኩል ገደማ ናቸው። ከኦይለር 248 ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ያኛው 8 ጊዜ 31 ነው። መፍትሔው በጊዜው አጥፍቶ ማብራት፣ ኋላም ሶፍትዌሩን ማደስ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ይህን አውሮፕላን በመረከብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ስለነበር ጉዳዩ ለአዲስ አበባ የሩቅ ወሬ አልነበረም።

ገና ያልደረሰው ቀጠሮም አለ። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓትና ከእሱ የተወለዱት ሁሉ ጊዜን የሚቆጥሩት ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በ32 ቢት የሚቆጥር ሰዓት ጣሪያውን የሚነካው በጥር 19 ቀን 2038፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት 3፡14፡07 ላይ ነው። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል፤ የጥምቀት ዕለት ንጋት። ያልታደሰ መሣሪያ በሚቀጥለው ሰከንድ ራሱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ላይ ያገኘዋል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን። ዛሬ የሚሸጡት ኮምፒውተሮችና ስልኮች በአብዛኛው በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ አያሰጋቸውም። የሚያሳስቡት ተገጥመው የተረሱት ናቸው፤ ፋብሪካ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ፣ የድሮ ራውተር፣ ማንም ያልነካው ሶፍትዌር። በመሥሪያ ቤታቸው እንዲህ ያለ ዕቃ ያላቸው ባለሙያዎች ከዚያ ቀን በፊት ቢፈትሹት መልካም ነው፤ ጊዜው የቀረበ ባይመስልም የእንዲህ ያለ መሣሪያ ዕድሜ ረጅም ነው።

የኮምፒውተር ጣሪያ ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ደንብ አይደለም። የ8 ቢት ጣሪያ 127 ብቸኛ ነው። የ16 ቢቱ 32,767 ግን የ7፣ የ31 እና የ151 ብዜት ነው። የ64 ቢቱ 9,223,372,036,854,775,807ም ለ7 ይካፈላል፤ 63 አንዶች ናቸውና ከላይ ያየነው ሕግ ይጥለዋል። በ32 ቢት የሠራው ትውልድ ዕድለኛ ነበር፤ ሳይጠይቅ ጣሪያው ላይ ብቸኛ ቁጥር አገኘ። ዕድሉንም ተጠቀመበት።

ጥቅሙ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጨት ላይ ነው። ጨዋታ፣ የአየር ጠባይ ሞዴል፣ የፋይናንስ ስሌት፣ ሁሉም ዳይስ የተጣለ የሚመስል የቁጥር ፈሳሽ ይፈልጋሉ። ሌመር ያቀረበው ዘዴ ቀላል ነው፤ ያለህን ቁጥር በአንድ ቋሚ ቁጥር አባዛ፣ በሌላ ቋሚ ቁጥር አካፍል፣ ቀሪውን ያዝ። በ1988 ስቲቨን ፓርክ እና ኪት ሚለር ለዚህ ዝቅተኛ መለኪያ እንዲሆን ያቀረቡት አካፋይ 2,147,483,647 ሲሆን አባዢው 16,807፣ ማለትም አምስት ሰባቶች ተባዝተው የሚሰጡት ነው። ከ1 ሲነሡ 16,807 ይመጣል፤ ቀጥሎ 282,475,249፤ ቀጥሎ 1,622,650,073፤ ቀጥሎ 984,943,658። ፈሳሹ ወደ 1 ከመመለሱ በፊት ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ አንድ በአንድ ይጎበኛል፤ አንዱንም አይደግም፣ አንዱንም አይዘልል። ይህ ሊሆን የቻለው አካፋዩ ብቸኛ ስለሆነ ነው። በ32,767 ላይ ቢሞከር ኖሮ አንዴ የ7 ብዜት ላይ የወደቀ ፈሳሽ ከ7 ብዜቶች መንደር መቼም አይወጣም ነበር። ለምስጢር ጥበቃ የማይበቃ፣ ዛሬም በተሻሉ ዘዴዎች የተተካ ቢሆንም፣ ይህ አመንጪ እስከ አሁን በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ይገኛል።

የሒሳብ ሰዎች ይህን ቁጥር ካረጋገጡ በኋላም አልተዉትም። 31 ራሱ 5 አንዶች ነው። 31 አንዶች ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ሰጡ። ታዲያ 2,147,483,647 አንዶች ቢደረደሩስ? ከ2 የሚነሣው ሰንሰለት ተስፋ ይሰጣል፤ 2 አንዶች 3 ይሆናሉ፤ 3 አንዶች 7፤ 7 አንዶች 127፤ 127 አንዶችም ሉካስ በ1876 እንዳረጋገጠው ባለ39 አሃዝ ብቸኛ ቁጥር ናቸው። በ31 በኩል የሚሄደው ግን እዚህ ይሰበራል። 2,147,483,647 አንዶች የሚሠሩት ቁጥር ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዞች ያሉት ሲሆን ለ295,257,526,626,031 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ይህ አካፋይም የኦይለርን ሕግ ያከብራል፤ 2,147,483,647ን በ137,490 አባዝቶ 1 የጨመረ ያገኘዋል።